አራተኛው ዲስክ

መስከረም 14

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ቤትሽ ሰላም ይሁን፤ ጤናና ዕድሜ አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ። አንቺም ደህና እንደሆንሽ ከጎረቤትሽ ሰምቻለሁ፤ ስልክሽን ከዘጋሽብኝ ወዲህ የአጎቴን ልጅ ጤና የምጠይቀው ከሰው ደጅ ነው። «አንተ በስልክ ያልከውን በነጋታው ትክዳለህ፤ የምትለው ካለህ በወረቀት» አላልሽኝም? ይኸው በወረቀት።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጥቁር ሳጥን ይሰጥሻል። የቤት ሰርቨር ይባላል። እኔ የምሠራበት አዳራሽ ውስጥ የዚህ ታላላቅ ወንድሞች በሺህ ተደርድረው ሲያጓሩ ይውላሉ፤ የኔ ሥራ የሞተውን ሐርድ ዲስክ እየነቀልኩ በአዲስ መተካት ነው። የዲስክ ቀባሪ ነኝ ብትይ አልቆጣም። ከሳጥኑ ጋር አራት አዳዲስ ዲስኮች አሉ፤ እያንዳንዱ አራት ቴራባይት ይይዛል። በአራቱ መሳቢያ አስገቢያቸው፣ ገመዱን ከኢንተርኔቱ ዕቃ ጋር አያይዢው። ማሽኑ አራቱን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ያሳይሻል። ምርጫ ሲያቀርብልሽ ሦስተኛውን ንኪ፤ ሌላውን አትንኪ። ከዚያ አጎቴ በካልሲ እየጠቀለለ የጫማ ካርቶን ውስጥ የተዋቸውን ዘጠኝ አሮጌ ዲስኮች አንድ በአንድ ገልብጪበት። ሁለቱ ቀጭ ቀጭ ይላሉ ብለሽኝ ነበር። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ብዙ አይቆይም።

ለምን እንደምደክም ታውቂያለሽ። አባትሽ ሠላሳ ዓመት የሰው ሰርግ ሲቀርጽ ዘመዱን አንድ ቀን ቀርጾ አያውቅም፤ «ካሴቱ የደንበኛ ነው» ይል ነበር። እማዬን ያነሳት አንዴ ብቻ ነው፤ በዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሰርግ፣ እሱ ባትሪ ረስቶ እሷ ልታቀብለው ሄዳ፣ ሙሽራዋ ጎትታ ስታስጨፍራት። አርባ ሰከንድ ያህል ነው ብሎኛል። እልክልሃለሁ እንዳለኝ ሞተ። እኔ አላየሁትም። ፎቶዋ አለኝ፤ ፎቶ ግን አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ድምፅዋ ከራሴ ውስጥ እየጠፋብኝ ነው፤ ይህን ለሌላ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

ፈልጊና ላኪልኝ። እዚህ ሥራ ስገባ አለቃዬ መጀመሪያ የነገረኝ ነገር ቢኖር፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለን ነገር እንደሌለ ቁጠረው የሚል ነው።

የአክስትሽ ልጅ

ጥቅምት 9

ለተማረው ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ምርቃትህም እንደዚሁ። አንተንም ያኑርህ። እኛ ደህና ነን፤ እንደምታውቀው ሦስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ደህና የሚሆነውን ያህል።

ሳጥንህን ተክያለሁ። ያልከኝን ሦስተኛ ምርጫ ነካሁ፣ ሌላ ነገር አልነካሁም፤ ትዕዛዝ አክባሪ ነኝ። አሁን የምጠይቅህን በቀጥታ መልስ። አራት ጊዜ አራት ስንት ነው? እኔ የተማርኩት ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ነበር። ሳጥንህ ያለኝ ቦታ አሥራ አንድ እንኳ አይሞላም ይላል። ዲስኮቹን አውጥቼ ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው። ታዲያ አራተኛው የት ገባ?

አልጠፋም፤ አውቄዋለሁ። ያደረግኸው እዚህ ቤት ያደረግኸውን ነው። እናትህ ያረፈች ጊዜ ክፍሏን ቆለፍክና ቁልፉን ኪስህ ከተህ አገር ለቀህ ሄድክ። ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት፣ እኔና ሁለት ሴት ልጆቼ ሳሎን ውስጥ እንተኛለን፤ ከግድግዳው ማዶ ባዶ አልጋ ተቆልፎበታል። አሁን ደግሞ በስጦታ ስም ሳጥን ልከህ ከአራት መሳቢያ አንዱን ለራስህ ዘጋህ። እዚያ ተቀምጠህ ምን ልትከትበት ነው? ከእኔ ጓዳ የምትፈልገው ምንድን ነው?

ሌላም አለ። የዚያ ክፍል የመስኮት መስታወት ተሰንጥቋል። ከጓሮ በኩል አየሁት፤ ከላይ አንድ ማዕዘኑ ወድቋል። ዝናብ ይገባል ማለት ነው። ቁልፉን ላክ፤ እኔ ላሠራው። የቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል እሱ ስለሆነ ሳጥንህንም እዚያ አስቀምጠዋለሁ። ከአባቴ በተረከብኩት የሰርግ ቀረጻ ሱቅ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል።

የአጎትህ ልጅ

ኅዳር 20

ለእታለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለመመለስ የዘገየሁት ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቱንም ጊዜ ደሜ ስለፈላ ነው።

አራተኛው ዲስክ የእኔ አይደለም። የአንቺም አይደለም። ለጥበቃ ነው። ቁጥር እወዳለሁ ካልሽ በቁጥር ልንገርሽ፦ ሦስት ቁጥሮች ጽፈሽ ድምራቸውን አራተኛ ቦታ ላይ ብትጽፊ፣ ከሦስቱ አንዱ ቢሰረዝብሽ ከድምሩ ቀንሰሽ ታገኚዋለሽ። ሳጥኑ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ድምሩን ለመጻፍ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ይወስዳል፤ ከአራቱ የፈለገው አንዱ ቢሞት ሦስቱ አስበው የሞተውን መልሰው ይጽፉታል። ከዐሥራ ሁለት ደግሞ አንድ ገደማ የጎደለው ፋብሪካውና ማሽኑ አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ነው፤ እሱንም እኔ አልሰረቅኩትም። እኔ ከዚህ ሆኜ ሳጥኑን መክፈት አልችልም፤ ብችልማ እናቴን ራሴ ፈልጌ አገኛት ነበር።

አራተኛውን እንዳትነኪ። ማንም እንዳይነካው። ይህንን በቀይ አስምሪበት።

ቁልፉን አልልክም። እማዬ ሐኪም ቤት የሄደች ዕለት አልጋዋን ሳታነጥፍ ነው የወጣችው፤ አልተመለሰችም። የቆለፍኩት እንደዚያው እንዳለ ነው። አንቺ ከገባሽ በሳምንቱ የካሜራ መቆሚያና የመብራት ገመድ ማከማቻ ታደርጊዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። ስለ መስኮቱ ከውጭ ፕላስቲክ ይመታበት።

አገኘሻት ወይ? የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ብቻ ዘለልሽው።

የአክስትሽ ልጅ

ታኅሣሥ 11

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ።

አገኘኋት። ሰባተኛው ዲስክ ላይ ነበረች፤ ግራጫ ካልሲ ውስጥ። ገልብጬ ስጨርስ ዲስኩ ቀጭ ብሎ ቀረ፤ ተመልሶም አልተነሳ። እሷ ግን አሁን ሳጥንህ ውስጥ አለች። የሱቁን በር ዘግቼ ሁለት ጊዜ አየኋት።

አልልክልህም። ቁልፉን ላክ፤ እናትህን እልክልሃለሁ። ቁልፉ ደርሶ በሩ በተከፈተ ሰዓት እልካታለሁ፤ ልጆቼን ምስክር አድርጌ እጽፋለሁ። ነውር ነው ትል ይሆናል። ነውሩን እኔ እችለዋለሁ። ትልቋ ልጄ ቁመቷ ከእኔ በልጧል፤ ከታናሿ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እግሯን አጥፋ ነው የምትተኛው።

ስለ ድምርና ቅነሳህ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠየቅሁት። «እውነቱን ነው፤ ግን ሁሉንም መክፈት ይቻላል፤ ሰዎች ያደርጉታል» አለኝ። ይቻላል አለኝ፤ አንተ የማይቻል አስመስለህ ነበር የጻፍክልኝ። አዲሱ ካሜራ ደግሞ የአንድ ሰርግ ፊልሙ የድሮውን የዐሥሩን ያህል ይበላል፤ ሳጥንህ እየሞላ ነው።

የአጎትህ ልጅ

የካቲት 18

ለአጎቴ ልጅ፣

እታለም ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት የምጽፈው ሁሉ ስድብ እየሆነ ስለቀደድኩት ነው። እናቴን በቁልፍ ትለውጫለሽ? እጅሽን ይዛ ትምህርት ቤት ያመላለሰችሽ እሷ አይደለችም? አባትሽ ሥራ ውሎ ሲያመሽ ያበላችሽ እሷ አይደለችም? እኔ ላይ ቂም ያዢ፣ መብትሽ ነው። እሷን መያዣ አድርገሽ ማስቀመጥሽን ግን እስክሞት አልረሳውም።

መጀመሪያ ፊልሙን ላኪ። ደርሶኝ ሳየው ቁልፉን እልካለሁ። አላምንሽም፤ ስለዚህ በቅድሚያ አንቺ።

ሳጥኑን ለዚያ ጠጋኝ አትስጪ። ቦታ ከጠበበሽ አዲሶቹን ሰርጎች ሌላ ዲስክ ላይ አድርጊ። ሁሉን ክፈቺው ማለት ድምሩን አጥፊው ማለት ነው። ያኔ ማሽኑ እያንዳንዱን ፊልም ቆራርጦ አራቱ ላይ ይበትነዋል፤ አንዱ ከሞተ የቀሩት ሦስቱ የያዙት ቁርጥራጭ ለምንም አይሆንም። ገባሽ?

የአክስትሽ ልጅ

መጋቢት 12

ለአክስቴ ልጅ፣

ገብቶኛል። ሁልጊዜ እኔ በቅድሚያ እንደሆንኩ ገብቶኛል።

የእናትህን ውለታ ልትነግረኝ አትድከም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ አንተ በዚያ ጊዜ የጉዞ ወረቀት ስታሯሩጥ ነበርክ።

ጠጋኙ ትናንት መጥቶ ሠራው። ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ዲስክ አሸሸ፣ አራቱን አንድ አደረገ፣ መልሶ ገለበጠው። አሁን አራቱም መሳቢያ የእኔ ነው። በእኔ ሳጥን ውስጥ ማንም የተቆለፈ ጓዳ የለውም። አሮጌዎቹንም ዲስኮች አጥፍቼ ለአዲስ ሥራ አውዬአቸዋለሁ።

ቁልፉን እየጠበቅሁ ነው።

የአጎትህ ልጅ

ሚያዝያ 3

እታለም፣

ሰላምታውን እለፊው፤ ጊዜ የለም። ዛሬ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስልክሽ አሁንም ዝግ ነው። ለጎረቤትሽ ደወልኩ፤ «እኔ በመካከላችሁ አልገባም» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ሰርግ አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪው። ስልክሽ ላይ ቢሆን፣ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን፣ የትም። ለእኔ መላኩን ተይው፤ አትላኪልኝ፤ ብቻ ገልብጪው።

ቁልፉ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። አሸንፈሽኛል። ውሰጂው።

ግንቦት 8

ለአክስቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ሚያዝያ 15 ጠዋት ሱቅ ስገባ ሳጥኑ ይጮኻል፤ ሁለተኛው መሳቢያ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። የአባቴ ሠላሳ ዓመት፣ የእኔ ሁለት ዓመት፣ ሁሉም። ጠጋኙ መጣ። የሞተውን ዲስክ ፈታና ውስጡን በጣቱ ነካክቶ «አለቀ» አለኝ። መጋቢት ላይ ያሸሸበትን የራሱን ዲስክ ጠየቅሁት፤ በሳምንቱ አጥፍቶ የሌላ ሰው ሥራ ጭኖበታል። የሰርጋቸውን ግልባጭ የሚጠብቁ አምስት ሙሽሮች በሬ ላይ እየመጡ ያለቅሳሉ። አንዷ ተፍታብኝ ሄደች። ምን እላታለሁ?

ቁልፍህ ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ።

እናትህን ስልኬ ላይ ልገለብጣት አስቤ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ያየኋት ዕለት። ከስልኬ ላይማ አንድ ቀን ሆዴ ይባባና እልክለታለሁ፣ ከዚያ በምን እይዘዋለሁ ብዬ ተውኩት። የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

በሩን በቁልፍህ ከፈትኩ። አንተ ያላወቅኸውን ልንገርህ። አባቴ ካሴቶቹን ወደ ዲስክ ከገለበጠ በኋላ አንዱንም አልጣለም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ነው ብሎ በእናትህ አልጋ ስር በካርቶን ደርድሯቸው ነበር። ስትቆልፍ አብረህ ቆለፍካቸው። ቁልፍ ስጠኝ እያለ ሁለት ዓመት ለምኖህ ዝም አለ፤ ለምን እንደፈለገው አንድ ቀን ጠይቀኸው ታውቃለህ? የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ካሴት አገኘሁት፤ በአባቴ ጽሕፈት ተጽፎበታል። በተሰበረው መስኮት የገባው ውኃ ካርቶኑ ስር ተኝቶ ከርሟል። ካሴቱ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፤ ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ሆኗል። በእጄ ልፈታው ስል ተበጣጠሰ። ኅዳር ላይ ፕላስቲክ ይመታበት ያልከኝ መስኮት ነው።

እንግዲህ ያንን ፊልም አይቶ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም።

በር ላይ ትታያለች። ሰማያዊውን የቤት ቀሚሷን ነው የለበሰችው፣ ኪሱ የተቀደደውን። ባትሪውን ከፍ አድርጋ ለአባቴ ታሳየውና «አንተ ዝርክርክ» ትለዋለች፤ ሙዚቃው ይውጠዋል፣ ከከንፈሯ ግን ይነበባል። ሙሽራዋ ዞር ብላ ታያትና ክንዷን ይዛ ወደ መሐል ትጎትታታለች። እናትህ «ኧረ ልብሴ!» ትላለች፤ ይኼ በደንብ ይሰማል። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል። ከዚያ ትስቃለች። በሁለት እጇ እያጨበጨበች ሁለት ጊዜ ትዞራለች። አንዱ ጫማዋ ይወልቃል፤ አትመለስለትም። አባቴ ካሜራውን ከሙሽራዋ ላይ አንስቶ እሷ ላይ ያደርጋል፤ በደንበኛ ካሴት እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር ፀጉሯ ይፈታል፤ ልትሰበስበው እጇን ስታነሳ ፊልሙ ይጠቁራል። የካሜራው ባትሪ አልቆ ነው።

ይኸው ነው። አልጋዋን አልነካሁትም። በሩን መልሼ ዘግቼዋለሁ።

የአጎትህ ልጅ

ሰኔ 2

ለአጎቴ ልጅ፣

ዲስኩ ከተከፈተና በጣት ከተነካ እኔም፣ የእኔ አለቆችም አንመልሰውም። ጠይቄአለሁ።

ይቅር አልልሽም። አንቺም ይቅር በይኝ አልልም፤ መስኮቱን ነግረሽኝ ነበር። አጎቴ ሲለምነኝም ክፍሉን ሊወስድብኝ መስሎኝ ነበር።

ክፍሉን ውሰጂው። ልጆችሽ ይተኙበት። አንሶላውን ብቻ አጣጥፈሽ አኑሪልኝ።

የጻፍሽውን አርባ ሰከንድ በእጄ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንዱ እዚህ ይቀራል፤ አንዱን ልኬልሻለሁ፤ ከሱቁ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው።

ስገለብጥ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ባትሪውን ይዛ ገባች ብለሻል። ከዚያ በሁለት እጇ አጨበጨበች ብለሻል። ባትሪው የት ሄደ? ለአጎቴ ሰጥታው ቢሆን ኖሮ ካሜራው አይጠፋም ነበር። ኪሷ ደግሞ የተቀደደ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔን ለማጽናናት ከልብሽ ፈጥረሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። ሐሰት ሁለት ጊዜ ገልብጬ ማስቀመጥ አልፈልግም።

የአክስትሽ ልጅ

ሰኔ 27

ለአክስቴ ልጅ፣

አንተን ለማጽናናት ውሸት የምፈጥር ሰው መሆኔን ከማን ሰማህ?

ባትሪውን ለእኔ ነው የሰጠችኝ። መብራቱን ይዤ ከአባቴ ጎን ቆሜ ነበር። ሙሽራዋ ስትጎትታት ዞር ብላ «ያዢልኝ» አለችኝ። ፊልሙ ላይ ከዳር በኩል የምትገባ እጅ አለች፤ የእኔ ናት። በእናትህ አርባ ሰከንድ ውስጥ ራሴን ማስገባት አልፈለግሁም፤ ለዚህ ነው የዘለልኩት።

ወዲያው ለአባቴ ማቀበል ነበረብኝ። ካሜራው ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይቼዋለሁ። ግን እሷን እያየሁ ባትሪውን እጄ ላይ ረሳሁት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይነዘንዘኝ ነበር። አርባ ሰከንድ ብቻ የሆነው በእኔ ነው።

ካሜራው ከጠፋ በኋላ ሙሉ አንድ ዘፈን ጨፈረች። እሱ ዲስክ ላይም ካሴት ላይም አልነበረም፤ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ስልኬን ከፍቼዋለሁ። ስትደውል ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ፤ ሁለት ጊዜ አልናገርም።

የአጎትህ ልጅ